የት እንብላ? ከጣና ዳር ወደ ፓስፊክ ዳር ለሚሄዱ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላሉ። አንዱ ሲያትል ይሄዳል፣ አንዷ ሎስ አንጀለስ ልጇን ልትጠይቅ ተነስታለች፣ ሌላው በመርከብ ሎንግ ቢች ሊደርስ ነው። የሁሉም ጭንቀት ግን ያው ነው፦ የት እንብላ? ማታስ የት ወጣ ብለን አንድ ሁለት እንበል? እኔም ባሕር ዳር ከመመለሴ በፊት ሲያትል ውስጥ ከሳህን አጣቢነት ጀምሬ ኩሽና ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ ነገሩ ልቤ ውስጥ አለ። ዓምዱን ዛሬ ለዚህ ለቅቄዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለሥልጠና ሲያትል ልሄድ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ አለ። ባለፈው ሄዶ የመጣ ጓደኛዬ ግን "ዘመድ የወሰደኝ ቦታ ሁሉ ውድ ነው፣ አንዱም አልጣመኝም" አለኝ። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ስፈልግ ደግሞ ሁሉም ምግብ ቤት አራት ተኩል ኮከብ አለው። በምን ልለየው? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ የገጠመው ነገር ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። እኛ እንግዳ ስናከብር የምንወስደው ከሁሉ ወደሚያምረው ቤት ነው። አንተስ ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣብህ የት ትወስደዋለህ? ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጀልባ ሲያልፍ የሚታይበት ቦታ። ይገባዋል፣ ደግ አደረግህ። በሥራ ቀን ሲርብህ ግን አንተ ራስህ እዚያ አትሄድም። ከመሥሪያ ቤትህ ጀርባ፣ ስምህን የሚያውቁህ፣ ሽሮው ከነድስቱ እየተንተከተከ የሚመጣበት ቤት ነው የምትገባው። የሲያትሉ ዘመድህም እንደዚያው ነው። አክብሮህ ውድ ቦታ ይወስድሃል። በራሱ ገንዘብ የሚበላበትን ቤት ግን ለእንግዳ አይመጥንም ብሎ ይተወዋል።

ስለዚህ "ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?" ብለህ አትጠይቀው። "አንተ ከሥራ ስትወጣ፣ ብቻህን ስትሆን የት ትበላለህ?" በለው። ይህን ጥያቄ ለዘመድህ ብቻ ሳይሆን ለታክሲ ነጂው፣ ለሆቴሉ ጥበቃ፣ አብሮህ ለሚሠለጥነው ሰውም አቅርበው። ሲያትል ታክሲና ራይድ የሚነዱ ሐበሾች ብዙ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ከተማውን በሆዳቸው ነው የሚያውቁት። የምትፈልገውን ምግብም ስም ጥራ። "የሚጣፍጥ ነገር" ስትል ሰውየው ምን እንደሚመርጥልህ ይጨንቀዋል። "ትኩስ የኑድል ሾርባ፣ ከ20 ዶላር በታች" ካልከው ግን ወዲያው አንድ ቤት ትዝ ይለዋል።

ካርታው ላይም እንደዚያው አድርግ። ምግብ ቤት ብለህ ሳይሆን የምግቡን ስም ጽፈህ ፈልግ። ኮከቡን ተወውና አስተያየቱን ከአዲሱ ጀምሮ እንዲደረድርልህ አድርግ። ቤት ይለወጣል፤ ባለሙያ ይለቃል፣ ባለቤት ይሸጣል፣ የድሮው ኮከብ ግን እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። ሦስት ኮከብ የሰጡትን በተለይ አንብብ። አምስት የሰጠው ደስ ብሎት ነው፣ አንድ የሰጠው ተናዶ ነው፣ ሦስት የሰጠው ግን ብዙ ጊዜ አመዛዝኖ የጻፈ ነው። ከዚያ ደንበኞች ያነሱትን ፎቶ እይ። ቤቱ ራሱ የለጠፈውን አይደለም። አሥር ሰው ያነሳው ያው አንድ ሳህን ከሆነ ቤቱ የሚታወቀው በእሱ ነው፣ እሱን እዘዝ።

አሁን ወደ ሲያትል። ፓይክ ፕሌስ ገበያ መሄድህ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1907 የተከፈተ ነው፣ ዓሣ ሻጮቹ ትልልቅ ሳልሞን ከወዲያ ወዲህ እየተወራወሩ ይሸጣሉ። ጠዋት በጊዜ ሂድ፣ ሕዝቡ ሳይሞላ። ቡና ለመጠጣት በስታርባክስ በር ላይ የሚሰለፈውን ሰው ታያለህ። ቤቱ ዝና ስላለው ነው እንጂ ቡናው በሌሎቹ ቅርንጫፎች ከሚቀዳው ብዙ አይለይም፣ ወረፋው ላይ ጠዋትህን አታባክን። ለምሳ ግን ከውኃው ዳር ራቅ በል። ከመሃል ከተማ በቀላል ባቡር አንድ ሁለት ፌርማታ ሄደህ ቻይናታውን ኢንተርናሽናል ዲስትሪክት ውረድ፣ ወይም ቀጥለህ ኮሎምቢያ ሲቲና ሬኒየር አቬኑ ድረስ ዝለቅ። ቬትናሞች፣ ሶማሌዎች፣ ፊሊፒኖዎች፣ የእኛ ሰዎች፣ ሁሉም እዚያ መስመር ላይ ነው ያሉት። የባቡሩ መስመር ከኤርፖርት ጀምሮ በዚያው ስለሚያልፍ መኪና አያስፈልግህም።

ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ በእነሱ 12፣ በሩ ላይ ቁም። የሥራ ልብስ የለበሰ፣ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ጋር የሚገባበት ቤት ከሆነ ግባ። ሁሉም ሻንጣና ካሜራ ይዞ ከሆነ ሌላ ፈልግ።

ሲያትል ከሄድክ አይቀር ቴሪያኪ ብላ። ዶሮው ተጠብሶ፣ ጣፋጭና ጨዋማ ስጎ ፈሶበት፣ ከሩዝና ከተከተፈ ጥቅል ጎመን ጋር የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ጃፓናዊ ትንሽ ቤት ከፍቶ ከጀመረው ወዲህ የከተማው ሠራተኛ ምሳ ሆኗል። ከነዳጅ ማደያ አጠገብ፣ ከልብስ እጥበት ቤት ጎን ያሉ ጠባብ ቤቶች ናቸው የሚሠሩት፣ ወንበሩ ላይ አትፍረድ። ሳልሞን ካማረህ ደግሞ ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው ወቅቱ፤ አስተናጋጁን "የባሕር ነው ወይስ የእርባታ?" ብለህ ጠይቀው፣ አያፍርብህም፣ እዚያ ሁሉም ሰው ይጠይቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከደረስክ ባላርድ የሚባለው ሰፈር ሂድና ዓሣዎቹ በተሠራላቸው መሰላል ወደ ላይ ሲወጡ በመስታወት እይ። በነፃ ነው። እንደ እኛ ዓሣ አይቶ ያደገ ሰው ያንን ሳያይ መመለስ የለበትም ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲያትል በር ላይ የተለጠፈ የፊት ሥዕል ታያለህ፤ አንዱ በሰፊው ይስቃል፣ አንዱ ፈገግ ብሏል። ከጤና ቢሮ የተሰጠ የንጽሕና ምልክት ነው። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ መስኮት ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይለጠፋል። ስለ ኩሽናው ጽዳት ይነግርሃል እንጂ ስለ ጣዕሙ አይደለም። ኤ ያለው ቤት ምግቡ ለዛ ላይኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሎስ አንጀለስ ወልዳ አራስ ልጠይቅ ልሄድ ነው። የምደርሰው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ልጆቹ እናውጣሽ ማለታቸው አይቀርም። ጾሜን ሳላፈርስ ውጭ መብላት እችላለሁ? (ከዓባይ ማዶ፣ እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። በደንብ ይችላሉ። እንዲያውም ከሄዱባቸው ከተሞች ሁሉ ለጾመኛ የሚመቸው የፓስፊክ ዳርቻው ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ፈጽሞ የማይቀምስ ብዙ ሕዝብ ስላለ ምግቡን "ቪጋን" ብለው ሜኑ ላይ ለይተው ይጽፉታል። ይቺን ቃል ይያዟት። "ጾም ነኝ" ቢሉ አስተናጋጁ ምንም አይበላም ብሎ ሊረዳ ይችላል፣ "ቪጋን" ካሉ ግን ወዲያው ይገባዋል። ቬጀቴሪያን ከሚባለው ግን ይጠንቀቁ፣ እሱ ሥጋ የለውም እንጂ አይብና እንቁላል ይኖረዋል።

የአገር ምግብ ከፈለጉ ፌርፋክስ አቬኑ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባል ሰፈር አለ። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 በይፋ ስሙን ሰጥቶታል። ምግብ ቤቱም፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጠው ሱቅም ጎን ለጎን ነው። በያይነቱ ዓመቱን ሙሉ ያገኛሉ፤ የጾም ቀን ያልሆነ ቀን እንኳ ነጮቹ በብዛት የሚያዙት እሱን ነው። እንጀራውን ሲያዙ "ሙሉ ጤፍ ነው?" ብለው ይጠይቁ። ብዙ ቤት ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቅላል፣ ለይቶ የሚጋግርም አለ።

የውጭ ምግብ ላይ የሚያሳስተው የተደበቀው ነገር ነው። የሜክሲኮ ቤት የሚቀርብ የተደፈጠጠ ባቄላ ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በአሳማ ስብ ነው የሚሠራው። "ማንቴካ አለው?" ብላ ልጅዎ ትጠይቅልዎ። የታይላንድ ምግብ አትክልት ብቻ ቢመስልም የዓሣ ስጎ ይገባበታል። ሳን ፍራንሲስኮ ከወሰዱዎት ደግሞ ክላም ቻውደር የሚባል ነጭ ሾርባ በዳቦ ውስጥ ሞልተው ያቀርባሉ። ቀንድ አውጣ መሳይ የባሕር ነገርና ወተት ነው፣ ብዙ ጊዜም የአሳማ ሥጋ አለበት። ዳቦው ያምራል፣ እንዳይሸውድዎ።

ልጅዎ ውድ ቦታ ልትወስድዎ ስትል ደግሞ አይሆንም አይበሏት፣ ደስ ይላታል። ግን አንድ ቀን "አንቺ እርጉዝ ሆነሽ ያማረሽን የምትበዪበት ውሰጂኝ" ይበሏት። እዚያ ነው ልጅዎ እንዴት እንደምትኖር የሚያዩት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ማሪታይም ተምሬ አሁን መርከብ ላይ በኢንጂነርነት እሠራለሁ። ሎንግ ቢች፣ ኦክላንድ፣ አንዳንዴ ፔሩ ካላዎ እንደርሳለን። ከመርከብ የምንወርደው ለጥቂት ሰዓት ነው። ያንን ሰዓት በርገር ቤት መጨረስ ሰለቸኝ።

መልስ፦ ጥያቄህን ሳነብ ኮራሁ። ጣና ዳር ተምሮ ፓስፊክን የሚያቋርጥ ሰው ምሳው በርገር ብቻ ሊሆን አይገባም።

ሰዓትህ አጭር ስለሆነ መጀመሪያ መጓጓዣህን አስተካክል። ትልልቆቹ ወደቦች ላይ የመርከበኞች ማዕከል አለ፣ ቫን አላቸው፣ ከበሩ አውጥተው ከተማ ያደርሱሃል። ሾፌሮቹ በየቀኑ ከየአገሩ መርከበኛ የሚያመላልሱ ሰዎች ናቸው፤ የገበያ ማዕከሉ በር ላይ ከመውረድህ በፊት የወደቡ ሠራተኛ የት እንደሚበላ ጠይቃቸው።

ሎንግ ቢች አናሃይም ስትሪት ላይ የካምቦዲያ ሰፈር አለ። ጠዋት የሚጠጣው የኑድል ሾርባቸው ከመርከብ ለወረደ ሰው መድኃኒት ነው። አሳማ የማትበላ ከሆነ ቀድመህ ተናገር፣ በብዛት ይገባበታል። ታኮ፣ ማለትም በትንሽ ቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ፣ የሚሸጡ መኪናዎችንም አትለፍ። አሳማ ላለመብላት ሁለት ስም ያዝ፦ ካርኒታስና አል ፓስቶር አሳማ ናቸው። ካርኔ አሳዳ የበሬ ነው፣ ፖዮ ዶሮ ነው፣ ቢሪያ የፍየል ወይም የበሬ ነው። መኪናው ጋ ሰልፍ ካለ፣ ሰልፉ ውስጥ ደግሞ ስፓኒሽ የሚያወራ የግንባታ ሠራተኛ ከበዛ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም።

ኦክላንድ ላይ ሁለት ምርጫ አለህ። እንጀራ ከናፈቀህ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ የእኛም የኤርትራውያንም ቤቶች ታገኛለህ። ታኮ ካማረህ ፍሩትቬል ወርደህ ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድን ያዝ።

ካላዎ ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ሴቪቼ ሳትበላ እንዳትመለስ። ጥሬ ዓሣ ተከትፎ በሎሚ ጭማቂ፣ በሽንኩርትና በሚጥሚጣ መሳይ ቃሪያ ይታሻል፣ ከጎኑ ስኳር ድንችና የተቆላ በቆሎ ይቀርባል። ሎሚው ዓሣውን ነጭ ያደርገዋል እንጂ እንደ እሳት አያበስለውም፤ ስለዚህ ትኩስነቱ ሁሉ ነገር ነው። የፔሩ ሰው ሴቪቼ የሚበላው በምሳ ሰዓት ነው፣ ዓሣው ጠዋት የወጣ ስለሆነ። ብዙዎቹ ቤቶችም ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ። ማታ ላይ ሴቪቼ ብሎ ሜኑ የሚዘረጋልህ ካለ የቱሪስት ቤት ነው። ላ ፑንታ የምትባለው የካላዎ ጫፍ ላይ ሂድ፣ ከወደቡ ቅርብ ናት።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ፖርትላንድና ሳን ፍራንሲስኮ ልንሄድ ነው። ሁለታችንም ሴቶች ነን። ማታ ወጥተን ቢራ መጠጣት እንፈልጋለን፣ ግን ጩኸትና ጭፈራ አይደለም፣ ተቀምጠን የምናወራበት። ምን ዓይነት ቤት እንፈልግ? (ከጣና ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ የምትፈልጉት ታፕሩም ወይም ብሩፐብ የሚባለውን ነው። ቢራውን እዚያው ጠምቀው እዚያው የሚቀዱበት ቤት ማለት ነው። ፖርትላንድ በዚህ የታወቀች ናት። ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ፣ ልጅ የያዙ ቤተሰቦች፣ ውሻቸውን ይዘው የመጡ ሰዎች፤ አመሻሽ ላይ ሰላም ያለው ነው። ዳንስ ያለበት ክለብ ሌላ ነው፣ በሩ ላይ ጠባቂ ቆሞ ሙዚቃው መንገድ ድረስ ከተሰማ አትግቡ።

ሜኑው ላይ ሃያ ዓይነት ቢራ ስታዪ አትደንግጪ። ባንኮኒው ላይ ተቀመጡና "መቅመስ እንችላለን?" በሉ። ብዙ ቤት ጭላጭ ታክል ቀድቶ ያስቀምስሻል። አራት አምስት ትንንሽ ብርጭቆ በአንድ እንጨት ላይ ደርድሮ የሚመጣም አለ፣ ፍላይት ይሉታል፣ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። አይፒኤ የሚባለው በዚያ በኩል የሚወደደው ነው። በጣም ይመራል፣ ጌሾ የበዛበት ጠላ ዓይነት ምሬት ነው፣ ምክንያቱም ሆፕ የሚባለው ተክል የሚሠራው የጌሾን ሥራ ነው። ጥንካሬውንም እዩ። የለመድነው የአገራችን ቢራ 5 በመቶ አካባቢ ነው፣ አይፒኤ ግን 6 እና 7 ይደርሳል፣ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ሁለት ጃምቦ የለመደ ሰው በሁለተኛው ብርጭቆ ይገረማል።

መታወቂያ ያስፈልጋል፣ ፀጉራችሁ ቢሸብት እንኳ ይጠየቃል። ከ21 ዓመት በታች አይጠጣም፣ ካናዳ ወዳለው ቫንኩቨር ከተሻገራችሁ ግን 19 ነው። ፓስፖርታችሁን ያዙ፣ የአገር መታወቂያ አይቀበሉም። ካሊፎርኒያ መጠጥ መሸጥ የሚቆመው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፣ በእነሱ 2 ሰዓት። ኩሽናው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይዘጋል፣ ስለዚህ እራታችሁን አስቀድሙ። ኦሪገን ውስጥ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጥ ቤት ምግብም ማቅረብ አለበት፣ ለእናንተ ጥሩ ነው። ብዙ ቤት ደግሞ ከሰዓት 9 እስከ 12 ሰዓት ድረስ ሃፒ አወር ይላል፣ መጠጡም አንዳንዱ ምግብም ይረክሳል። በጀቱ ጠበብ ላለበት ሰው እራት በዚያ ሰዓት መብላት ነው።

ፖርትላንድ ውቅያኖስ ዳር አይደለችም፣ ወንዝ ዳር ናት። የተሰበሰቡ የምግብ ጋሪዎች በየሰፈሩ አሏት፣ አንዱ ግቢ ውስጥ ከታይላንድ እስከ ግብፅ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ግቢ መሃል ላይ የቢራ ቤትም አለ፤ ቢራችሁን ከአንዱ፣ ምግባችሁን ከሌላው ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ማታ እዚያ ነበር የማሳልፈው።

ጥያቄ፦ እኛ ከቫንኩቨር ነን፣ ልጆቻችንን ይዘን ባሕር ዳር ልንመጣ ነው። እዚያ ሱሺና ሳልሞን የለመዱ ናቸው። የጣናን ዓሣ የት እናብላቸው?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የመጀመሪያውን ቀን ሐይቅ ዳር ውሰዷቸው፣ ታንኳና ፔሊካን ይዩ፣ ለስላሳ ይጠጡ። በማግስቱ ግን የሆቴላችሁን ጥበቃ ወይም ባጃጅ ነጂውን "አንተ ዓሣ ሲያምርህ የት ትገባለህ?" በሉት። ምሳ ላይ ሂዱ፣ የጠዋቱ ዓሣ ሳያልቅ። ቀረሶ ሙሉውን ጥበሱልን በሉ። ጎንና ጎኑ በቢላ ተሸንትሮ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ ጠርዙ እንደ ቆሎ እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ ይመጣል፤ ከጎኑ ዳጣ፣ ሎሚ፣ ዳቦ። ሹካ አትስጧቸው፣ እሾሁ በጣት ነው የሚገኘው። ለትንሹ ልጅ ኮተሌት እዘዙለት፣ እሾህ የለውም። አምባዛ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ለጉላሽ ይሻላል። ጥሬ ዓሣ ግን እዚህ አታብሏቸው፣ እዚያ ለሱሺ የሚሆነው ዓሣ ጥገኛ ተውሳኩ እንዲሞት በብዛት ቀድሞ በኃይለኛ ቅዝቃዜ የተቀመጠ ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሜኑ ላይ ያለው ዋጋና የምከፍለው አይገናኝም ይላሉ። እውነት ነው? ቲፕ ግዴታ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ታክስን አይጨምርም። ሲያትል ከ10 በመቶ በላይ ነው፣ ፖርትላንድ ግን የሽያጭ ታክስ ጨርሶ የለም። ተቀምጠህ አስተናጋጅ ካስተናገደህ ከ18 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ይጠበቃል። ሕግ አያስገድድህም፣ ግን ሳይሰጡ መውጣት እዚያ ነውር ነው። ሳህን ሳጥብ ከአስተናጋጆቹ ቲፕ ለእኛም ይደርሰን ስለነበር ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ሲያትል ላይ 20 ዶላር የሚል ሳህን ስታይ ወደ 26 ዶላር አስብ። ባንኮኒ ላይ ለአንድ ቢራ አንድ ሁለት ዶላር ይበቃል። ራስህ ከመስኮት አንስተህ ከበላህ አለመስጠትም ይቻላል።

ካርድህን ከማውጣትህ በፊት ግን ሂሳቡን እስከ ታች አንብብ። ሲያትልና ሳን ፍራንሲስኮ ብዙ ቤት ሰርቪስ ቻርጅ ብሎ ራሱ ይጨምራል፣ ለስድስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ስትሄዱ ደግሞ በየቦታው የተለመደ ነው። ተጨምሮ ካየህ አስተናጋጁን "ይሄ ለእናንተ ነው የሚደርሰው?" ብለህ ጠይቀው። አዎ ካለህ የቲፑን መስመር ባዶ ተወው።